እማ የተኛችልኝ እንቅልፍ

ድሬ ዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለአትሌት ዱኒያ
ቻይና፣ ስሙ የማይነበብ ሆቴል፣ የማይተኛበት አልጋ

ጉዳዩ፦ ጠፋ የተባለውን ቀለበት ይመለከታል

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱም ደህና ነው፣ ናፍቀሽዋል። አጎታችን ቡራሌም ደህና ነው፤ ወገቡ ጫት ከሚቅምበት ከበርጫ ሰዓት ውጭ ብቻ እንደሚያመው እንድነግርሽ አዞኛል።

«ዛሬ እንኳ ሳትቀልድ መልስልኝ» ስላልሽ ሳልቀልድ እመልሳለሁ። ቀለበቱ አዲስ አበባ ፍተሻው ላይ አልቀረም። አውሮፕላኑ መጸዳጃ ቤት ውስጥም አልገባም። እዚሁ ቤታችን፣ በእማ የግራ እጅ ጣት ላይ በክብር ተሰይሟል።

የሄድሽ ዕለት ጠዋት ውዱእ ልታደርጊ አውልቀሽ ቁጥሩን ከሚልክባት ከትንሿ የቡድኑ ስልክ ጋር መስኮቱ ላይ አስቀመጥሽው፤ ሁለቱም እዚሁ ቀሩ። እማ አየችው። እማ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የጎረቤት አፍ ስትሰማ ነው የከረመችው። ፋርሒያ ከማዶ «ልጅሽ ታጨች አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ለእኛ መንገር ግን ከበዳችሁ» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋለች።

«ማነው ቀለበት ያሰረላት?» አለችኝ እማ።

«ማናጀሩ» አልኳት፣ ሳላስብ።

«ፈረንጁ?»

«እማ፣ የእንቅልፍ መለኪያ እኮ ነው። እንዴት እንዳደረች ለሐኪማቸው ይነግራል።»

«ልጄ እንዴት እንዳደረች ለወንድ የሚነግር ቀለበት!»

«ለእሷ ብቻ አይደለም። አሥራ አንድ ሴት ሯጮች አሉት፣ ለአሥራ አንዱም አጥልቋል።»

ጥፋቴን ያወቅሁት እማ መሬት ቁጭ ስትል ነው። «አሥራ አንድ! ነጅሙ፣ አላህ የፈቀደው አራት ነው!»

«በዓመቱ መጨረሻ አራቱን ብቻ ነው የሚያስቀረው። ሰባቱን ያሰናብታል።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ሕጉን ያውቃል» አለች። ቀለበቱን ግን በራሷ ጣት ከተተችው። ያልታጨች ልጇ ቀለበት አጥልቃ አገር ላገር አትዞርም። እሷ ባሏን የቀበረች ሴት ናት፣ በእሷ ጣት ላይ የሚያወራ የለም።

ለማስመለስ ሞክሬያለሁ። በሳሙና ሞከርሁ፣ በቅቤ ሞከርሁ፣ የሱቄን የቬንትሌተር ግራሶ ሳይቀር ቀባሁት። ጣቷ አብጦ እንቢ አለ። «እንቁረጠው» ብላት «ማንን? ጣቴን?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ተውኩት። ባትሪው ሲያልቅበት ቻርጀሩ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣቷ ላይ እንዳለ ነክሶ ይይዘዋል፤ እማም ግድግዳው ላይ እንደተሰካች ተስቢሕ ትቆጥራለች።

አሁን ወደ ምሥራቹ። ዛሬ ጠዋት ትንሿ ስልክ ጮኸች። ሐኪሙ ነው። በእኔ እንግሊዝኛ ተጣርቶ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦ «ዱኒያ ድንቅ ነሽ! ከመቶ ዘጠና አራት! ከቡድኑ አንደኛ!»

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም ትያለሽ። ቀለበቱ ደግሞ በቡድኑ አንደኛ ተኚ ነሽ ይላል። ከአራቱ አንዷ ለመሆን የምትሮጪ ልጅ ከማን ጋር ትከራከራለሽ? ምክሬ አጭር ነው፦ ዝም።

ከሰላምታ ጋር
ነጅሙዲን፣ የቬንትሌተር ጠጋኝ
ግልባጭ፦ አንቺ ለምታፈጥጪበት የሆቴሉ ጣሪያ

ቻይና
ኅዳር 22 ቀን

ነጅሙዬ፣

ሰላምታህ ደረሰኝ። ባለፈው ለተናገርኩህ ክፉ ቃል ይቅር በለኝ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው አፉ ላይ ዘበኛ የለውም። ለምን በወረቀት እየጻፍሽ ፎቶ ትልኪያለሽ ብለህ በመልእክት ለጠየቅኸኝ፣ ሐኪሙ ፀሐይ ከገባች በኋላ ስልክ ከልክሎናል። ብርሃኑ እንቅልፍ ያባርራል አለ። እኔ የሚባረር እንቅልፍ እንኳ የለኝም፤ ግን ሕግ ነው።

ውጤቱን ለምን ደበቅሽ ላልከው፦ አሥራ አራተኛ። ይኸው ነገርኩህ። ለእማ «ጥሩ ነው» በላት።

ከሩጫው በኋላ ሐኪሙ በቪዲዮ ጠራኝ። ፊቱ ላይ ግራ መጋባት አየሁ። «ዱኒያ፣ ቀለበትሽ ውድድሩን በከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሆነሽ ነው የሮጥሽው ይላል። የልብሽ ምት ሃምሳ ስድስት።» እዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ድሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ሌሊት ነው፤ እማ ሱብሒ እስኪደርስ የምትወርድበት ያ እንቅልፍ። ልናገር አፌን ከፈትሁ። እሱ ግን ሳቀ። «የአገርሽን ሰዓት አልቀየርንም ነበር!» አለና አንድ ነገር ተጫነ። ሁሉም ልክ መጣ። ነጅሙ፣ የእማን እንቅልፍ ሰብስቦ ወደ ቻይና አዛወረው። ቀጥሎም «ቀትር ላይ ደግሞ ሸለብ ታደርጊያለሽ፣ ፍጹም ነሽ» አለኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እግርሽ ምን ሆነ ላልከው ልንገርህ። አላመመኝም። የእኔ አይደለም፣ ያ ነው ነገሩ። ሐኪሙ ራሱ ስብሰባ ላይ ነግሮናል፦ ሩጫ ጡንቻን ይበጣጥሳል፣ የሚጠግነው እንቅልፍ ነው፤ ብዙ አገር አቋርጠሽ ስትበሪ ደግሞ የሰውነትሽ ሰዓት አብሮሽ አይበርም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ በእግሩ ነው የሚከተልሽ። እና እኔ ቻይና ደርሻለሁ፤ እንቅልፌ ገና ድሬ ኤርፖርት ወረፋ ይዟል። ረሃቤ ሌሊት ይመጣል። ሆዴ በምሳ ሰዓት ይዘጋል። ያለፈው ልምምድ ጭኔ ላይ ሳይጠገን ሌላው ይጫንበታል።

ሶፊን ታስታውሳታለህ፣ ያቺ ለገሃር ያደገችው ሳቂታ። የእሷ ቀለበት በራሷ ጣት ላይ ነው። ሠላሳ ስምንት አመጣች። ወደ ቤቷ ላኳት፣ «ትረፍ» ተብሎ። በእኛ ቡድን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንደምትሰናበት እያሰበች አልቅሳ ሄደች። የእሷን የህንድ ውድድር ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ በረራ አይነካሽም» አለኝ ማናጀሩ።

ልንገረው? እውነቱን ልንገረው ወይ? አንተ ወንድሜ ነህ፣ ንገረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ላክልኝ። ያ የእኛ ክፍል ቬንትሌተር፣ ያ ሲዞር እንደ ዝይ የሚጮኸው፣ አንተ ለሰው ሁሉ ጠግነህ ለእኛ ያልጠገንከው፤ ድምፁን ቅዳልኝ። እዚህ ቀዝቃዛ አየር አለ፣ ድምፅ ግን የለውም። የሞተ ሰው ክፍል ይመስላል።

ዱኒያ

ድሬ ዳዋ
ኅዳር 25 ቀን

ለፍጽምት እህቴ፣

ጉዳዩ፦ የዝይ ድምፅ ስለመላክ

የቬንትሌተሩ ድምፅ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በመሃል የምትሰሚው ሳል የቡራሌ ነው፤ ቀረጻው ታሪካዊ መሆኑን ሲሰማ መሳተፍ ፈለገ። ለምን አልጠገንከውም ላልሽው፣ የጠጋኝ ቤት ቬንትሌተር ከተጠገነ ደንበኛ ይጠፋል።

እማ ታውቃለች ወይ ብለሻል። አታውቅም። አንቺ እንደማትተኚ ማንም አልነገራትም። የምታውቀው ቀለበቱ ቁጥር እንደሚሰጥና ቁጥሩ ከአራቱ አንዷ ለመሆን እንደሚረዳሽ ነው። ይህን ካወቀች ወዲህ እማ፣ አፉ በይኝ፣ የሙያ ሰው ሆናለች። ጎህ ሲቀድ ከሶላት ተነስታ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ስንት አመጣሁ?» ነው። ዘጠና አንድ ስላት «ያቺ የፋርሒያ ፍየል ናት ሦስቱን የወሰደችብኝ» አለች፤ ፍየሏ በማግሥቱ ወደ መጋላ ዘመድ ቤት ተዛወረች።

ድሬ ቀትር ላይ እንዴት እንደምትዘጋ ታውቂያለሽ፤ ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፣ ሰው ወይ ምንጣፉ ላይ ነው ወይ በርጫው ላይ። አሁን በእኛ ሰፈር ያ ሁሉ ለእማ ሥልጠና ሆኗል። ቡራሌ በርጫውን ይዞ ወደ ባጃጅ ነጂው ካሂን ቤት ተሰዷል፤ ምርቃና ላይ ሲስቅ ግድግዳው ይነቀነቃልና። ባጃጆች ከእኛ በር ፊት ጥሩምባ እንዳይነፉ ተነግሯቸዋል። አንዱ ጠፍቶበት ቢነፋ እማ ከውስጥ «ልጄን ከአራቱ ልታስወጣ ነው!» ብላ ጮኸችበት፤ ያ ጩኸት ብቻውን አምስት ነጥብ ሳይወስድባት አልቀረም።

ልንገረው ወይ ላልሽው፦ አይሆንም። አሁን ብትነግሪው አታላይ ትባያለሽ፣ ከአሥራ አንዱም ከዓለሙም ትወጫለሽ። ህንድን ሩጪ። ከዚያ የሚቀጥለውን ብራዚልንም ሩጪ። እዚያ ጥሩ ከገባሽ ውጤቱ ይናገራል፤ ቀለበቱን በእርጋታ «ጠፋ» እንላለን። ወንድምሽ አስቦበታል። ወንድምሽ ሲያስብ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ግን በዚህኛው እመኚኝ።

ነጅሙዲን
ግልባጭ፦ ለስደተኛዋ ፍየል

አዲስ አበባ ኤርፖርት፣ መተላለፊያው ላይ
ታኅሣሥ 4 ቀን

ነጅሙ፣

ህንድን አትጠይቀኝ።

የት እንደተቀመጥሁ ልንገርህ። የብራዚሉን አውሮፕላን እየጠበቅሁ ነው። ሰሌዳው ላይ ከእኔ በረራ በላይ «ድሬ ዳዋ» ይላል። ሰዎቹ ሲሰለፉ አየሁ። አንዲት ሴትዮ በፌስታል ሦስት ትራስ ይዛለች፤ ከአዲስ አበባ ለድሬ ሰው ትራስ! አንድ ሽማግሌ «አቦ ይሄ ነገር ይከፈታል ወይስ እዚሁ እንሙት?» እያለ ከበሩ ጋር ይጨቃጨቃል። አነጋገሩ የሰፈራችን ነው። አብሬያቸው ብነሳ ሳይጨልም ቤት ነኝ። ተነሳሁም ወላሂ። ቦርሳዬን ያዝሁ። ከዚያ አራቱን አሰብሁ፣ እማን አሰብሁ፣ ይህ ኮንትራት ከሄደ ከምን እንደምንጀምር አሰብሁ። ተቀመጥሁ። በሩ ተዘጋ።

ምንም አትተኚም ወይ ብለሃል። እተኛለሁ። መቼ እንደሆነ ያወቅሁት ህንድ ነው። በሄድሁበት አገር ሁሉ፣ በድሬ ቀትር ሲሆን፣ ሰማይ ላይም ብሆን እራት ላይም ብሆን፣ አንድ እጅ አንገቴን ይዞ ወደ ታች ይጫነኛል። ልጅ ሆነን እማ ምንጣፉ ላይ አስተኝታ እጇን ጀርባችን ላይ ትጭን አልነበር? ያ እጅ ነው። ሌላ ጊዜ ምንም። ያን ጊዜ ብቻ። ያን ጊዜ ደግሞ ሁልጊዜ ቆሜ ነኝ።

አሁን የምፈራውን ስማኝ። የብራዚሉ ውድድር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀመራል። ቆጠርሁት። በድሬ ሰባት ሰዓት ነው። በድሬ በሰባት ሰዓት ከዝንብ ሌላ ማን ቆሞ ይገኛል?

ለሐኪሙ ልነግረው ደወልሁ። ሳልጀምር እሱ ጀመረ፤ ትልቅ ጉባኤ ላይ ስለ እኔ ንግግር ሊያደርግ ነው። «በረራ የማይነካት ሯጭ» ብሎ ርዕስ ሰጥቶታል። ሦስት ልጆች በመጥፎ ቁጥር ወደ ቤት ተልከዋል፤ የእነሱን በረራ ሁሉ የምሸከመው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም እኔ ፍጹም ነኝ። እማን የምትበልጥ ተኚ ዓለም ላይ የለችም ነጅሙ፤ እኔ ደግሞ በእሷ እንቅልፍ እየሞትሁ ነው።

ለእማ አንዲት ቃል እንዳትነግራት። ውድድሩንም እንዳታይ። በዚያ ሰዓት ተኝታ ስለምትሆን አልሐምዱሊላህ።

ዱኒያ

ድሬ ዳዋ
ታኅሣሥ 13 ቀን

ለእህቴ ለዱኒያ፣

ጉዳዩ፦ ደህና ነን

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረትሽስ? ያ የብረት አጥር ያገኘሽ የት ጋ ነው? ሐኪም ያየሽ መቼ ነው? መልሺልኝ፤ ጥያቄ የምታበዢው አንቺ ነበርሽ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

እማ አየች ወይ ብለሽ ሦስት ጊዜ ጽፈሻል። አላየችም። እኔ፣ ቡራሌና ካሂን በካሂን ስልክ ነው ያየነው፣ እዚሁ በረንዳችን ላይ፣ ድምፁን ዘግተን። እማ ውስጥ ተኝታ ነበር። አላየችም።

እስከ መሃል ድረስ ከፊተኞቹ ጋር ነበርሽ። ካሂን «ይቺ ልጅ ዛሬ ታነደዋለች» እያለ ነበር። ቡራሌ ነው ቀድሞ ያየው። «ዱዓ እያደረገች ነው» አለ። «ዓይኗን ጨፍናለች።» ትንሽ ቆየና ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት ተፋው፤ ቡራሌ ጫት ሲተፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? «ልጅቷ ተኝታለች!» ብሎ ጮኸ። ስምሽን እየጠራ ስልኩ ላይ ይጮህ ጀመር፣ ብራዚል ድረስ የሚሰማ ይመስል። «ዱኒያ! ዱኒያ ተነሺ!» እኛም አብረን ጮህን። መንገዱ ታጠፈ፤ አንቺ ቀጥ ብለሽ ሄድሽ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የእማ ቁጥር ወርዷል። ሠላሳ አንድ። ትናንት ሃያ ሁለት። ቀትር ላይም ዓይኗን ከድና ትጋደማለች፣ ቀለበቱ ግን አልተኛችም ይላል። ምናልባት ተበላሽቶ ይሆናል። ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል። ሐኪሙ ደጋግሞ ጽፏል፤ መልስ አልሰጠሁትም።

ብራዚልን ሩጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይህን የጻፍሁት ረስተሽው ከሆነ ብዬ አይደለም።

ነጅሙዲን

ብራዚል
ታኅሣሥ 16 ቀን

ነጅሙ፣

ደህና ነኝ። አጥሩም ደህና ነው፣ ጠይቄዋለሁ። ጉልበቴ አብጧል፣ ከንፈሬ ሁለት ስፌት አለው። ሳቅሁ፣ ተቀደደ፤ ስለዚህ አታስቀኝ።

በመጀመሪያው ደብዳቤህ ሳትቀልድ የጻፍከው ዓረፍተ ነገር የለም። በዚህኛው «አላየችም» ብለህ ሁለት ጊዜ ጽፈህ አንድ ቀልድ የለበትም። ሦስት ወንዶች በረንዳ ላይ ስሜን እየጠሩ «ተነሺ» ብለው ሲጮኹ እናቴ ውስጥ ተኝታ ነበር ትለኛለህ? አይታለች። ቁጥሩ ነው የነገረኝ። ሃያ ሁለት የእኔ ቁጥር ነው ነጅሙ። ተጋድሞ፣ ዓይን ከድኖ፣ አለመተኛት፤ ያንን ቁጥር ከሄድሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁን ሁለታችንም እዚያ ነን።

ጉዱን ስማ። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ደነገጠ። «ደክመሻል፣ እንዴት አላየሁትም» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ንግግሩንም ሰርዞታል። ወደ ቤት እንድሄድ አዘዘ። መድከሜን አወቀ፣ በእማ ቁጥር በኩል። ጥሩ ሰው ነው እኮ፤ ውሸታችን ነው ሞኝ ያደረገው።

ማናጀሩ ግን ሐኪም አይደለም። የመጨረሻው ውድድር ስፔን ነው። አራቱ ከዚያ በኋላ ይለያሉ። «እቤትሽ ግቢ፤ ትኬቱ ሲደርስሽ ግን በዚያው ቀን ትነሻለሽ። ካልመጣሽ ቦታሽ የሌላ ሰው ነው» አለኝ። ብራዚል እንደዚያ ከሆነ በኋላ ያለኝ እድል ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቅህን በቀልድ እንዳታልፈው። ቤት ስደርስ እንደምተኛ አውቃለሁ። የዝይዋን ድምፅ ስሰማ እወድቃለሁ። ስወድቅ እንዳልነሳም አውቃለሁ። ትኬቱ ሲመጣ ቀስቅሰኝ። ብለምንህ ቀስቅሰኝ። ብሰድብህ ቀስቅሰኝ። ውኃ ድፋብኝ። ወላሂ ብለህ ጻፍልኝ፤ አለዚያ አዲስ አበባ ወንበር ላይ እቀራለሁ እንጂ ቤት አልመጣም።

ዱኒያ

ድሬ ዳዋ
ታኅሣሥ 17 ቀን

ዱኒያ፣

ወላሂ እቀሰቅስሻለሁ። ነይ ብቻ።

ነጅሙ

ድሬ ዳዋ፣ ከመጋረጃው ወዲህ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለአትሌት ዱኒያ
ከመጋረጃው ወዲያ

ጉዳዩ፦ አለመቀስቀስን ይመለከታል

አሰላሙ ዓለይኩም፣ በቀስታ።

ይህን ስታነቢ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ «ስንት ሰዓት ነው?» ብለሽ ነው። እሱን ወደ መጨረሻ እንመጣበታለን።

ትናንት ከኤርፖርት ካሂን በባጃጁ አመጣሽ። እማን ሳምሻት፣ ቡራሌ «ከንፈርሽን አጥር በላው?» ብሎ ሊያስቅሽ ሞከረ፣ አልሳቅሽም። ጫማሽን ሳታወልቂ ምንጣፉ ላይ ተጋደምሽ። ዝይዋ ሁለት ጊዜ ሳትዞር ሄድሽ። እማ ጫማሽን ልትፈታ ሞክራ «የምትሮጥበት ነው፣ አልነካም» ብላ ተወችው። እኔ ነኝ የፈታሁት።

ትኬቱ ዛሬ ረፋድ ላይ በትንሿ ስልክ መጣ። ከድሬ የሚነሳው በአሥር ሰዓት ነው። ማናጀሩ ከሥሩ ጽፏል፦ በዚህ ካልተሳፈርሽ ቦታው ለሶፊ ነው፤ አርፋ ተመልሳለች፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ናት። ሶፊን ትረፍ ሲሏት የእውነት ትረፍ ማለታቸው ነበር፣ ዱኒያ። ቃሉን እኛ ነን ያጣመምነው።

መሐላዬን ላደርስ ተነሳሁ። በሩ ላይ ቆሜ «ዱኒያ» አልኩ። ባንክ ቤት ገብቼ ብድር በምጠይቅበት ድምፅ ነው ያልኩት። ጉሮሮዬን ጠርጌ ልደግመው ስል እማ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን ልትል ነው?»

«ልቀሰቅሳት ነው። ትኬቱ መጥቷል።»

«ተው።»

«እማ፣ ወላሂ ብያለሁ። ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ካልሄደች ከአራቱ ወጣች፤ ኮንትራቱም አበቃ። ስትነሳ ዕድሜ ልኳን ነው የምትጠላኝ።»

እማ እጇን አነሳችና ቀለበቱን አሳየችኝ። «ይኸ ነገር ስንት አለኝ ዛሬ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ልጄ አጥር ላይ ስትወድቅ አይቻለሁ። አንተ አላየችም ብለህ ጻፍክላት። ዝም አልኩህ።» ድምፅዋን አልከፈተችም፣ እንዳትነቂ። «ለወላሂህ ማካካሻ አሥር ምስኪን አብላ። ካልቻልክ ሦስት ቀን ትጾማለህ፣ ያልቃል። የእሷን እግር ግን ማንም ጾሞ አይመልሰውም።»

ሱቄን ታውቂዋለሽ። አሥር ምስኪን አላበላም። ከነገ ጀምሮ ጾመኛ ነኝ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ትንሿን ስልክ አነሳሁና ለሐኪሙ ሁሉንም ጻፍሁለት። ቀለበቱ በእናታችን ጣት ላይ ነው አልኩት። ዘጠና አራቱም፣ ዘጠና አንዱም የእሷ ነው፤ ሠላሳ አንዱም ሃያ ሁለቱም የእሷ ነው። ዱኒያ ዝም ያለችው እኔ ዝም በዪ ስላልኳት ነው፣ የዝምታው ባለቤት እኔ ነኝ አልኩት። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ስለማይዘልቅ «እማ» የሚለውን እንዳለ ተውኩት። ይህን ያደረግሁት ሳላስፈቅድሽ ነው። ስትነቂ ከምትሰድቢኝ ነገሮች ሁለተኛው አድርጊው።

ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ እየተጎተተ ቆመ፤ ዝይዋ ዝም ስትል ግንባርሽን ቋጠርሽ፣ እጅሽ ተንቀሳቀሰ። ደነገጥን። ቡራሌ ከነማራገቢያው ከበርጫው ላይ በሩጫ መጣ፤ ቡራሌ ሲሮጥ ማናጀሩ ቢያየው ኮንትራት ይሰጠው ነበር። ተራ በተራ አራገብንሽ። ድምፁ እንዳይጎድልሽ ብሎ ቡራሌ አንዳንዴ እንደ ዝይ ይጮህ ነበር፣ በዝግታ። ግንባርሽ ተፈታ።

አሁን የሚያራግበው የእማ እጅ ነው፣ ባለ ቀለበቱ። ቅድም ስልኩ ጮኸ፤ ሐኪሙ የጻፍሁለትን ገና አላነበበውም፣ ቀለበቱን ብቻ ነው ያየው። «ዱኒያ፣ በዚህ ሰዓት ለምን ልምምድ ትሠሪያለሽ? እጅሽ አላረፈም፣ የልብሽ ምት ጨምሯል። እባክሽ እረፊ!» ለእማ ተረጎምኩላት። «ማረፏን ንገረው» አለችና ማራገቢያውን በሌላው እጇ ያዘችው። ያኛውም ሲደክማት መልሳ በዚህኛው።

አሥር ሰዓት ሆነ። ይኸው፣ ሰዓቱን ጠይቀሽኝ ነበር። ሰፈሩ ከቀትር ተነስቷል፣ መዝጊያዎች እየተከፈቱ ነው፤ ከእኛ በር ፊት ግን ባጃጆቹ አሁንም ጥሩምባ አይነፉም፣ ዛሬ ማንም ሳይነግራቸው። ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኑ በቤታችን ላይ አለፈ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እማ ማራገብ አቆመች። ሦስታችንም አንቺን አየንሽ።

ወደ ግድግዳው ዞርሽ። ጉልበትሽን ወደ ሆድሽ ሰበሰብሽና ረጅም ትንፋሽ ተነፈስሽ።

እማ ማራገቧን ቀጠለች።

ይህን ወረቀት ጫማሽ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የምሆነው ሱቅ ነው። ለስድቡ ተዘጋጅቻለሁ፤ ጾመኛ ስለሆንሁ ግን መልስ አልሰጥም።

ከሰላምታ ጋር
ወንድምሽ ነጅሙዲን
ግልባጭ፦ ለማንም፤ ጫጫታ እንዳይሆን